ሦስት አንኳር ስኳር፦ የቸርችል የጦርነት ክፍሎች ሙዚየም ጉብኝት

በለንደን ዌስትሚኒስተር፣ ከግምጃ ቤቱ ሕንፃ ሥር ወደሚገኘው የቸርችል የጦርነት ክፍሎች ሙዚየም የሚወርድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቸኩለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ይቀመጡበት የነበረውን ወንበር ለማየት ነው። እኔም የወረድኩት ለዚያው ነበር፤ ረዘም ላለ ጊዜ ያቆመኝ ግን ሦስት አንኳር ስኳር ሆነ። በካርታው ክፍል ይሠራ የነበረ አንድ የአየር ኃይል መኮንን ከራሽኑ (መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው መዝኖ ከሚያድለው ድርሻ) ላይ ቆጥቦ፣ በፖስታ ከቶ በጠረጴዛው መሳቢያ ያስቀመጠው ስኳር ነው። ክፍሎቹ ከተዘጉ ከብዙ ዓመታት በኋላ እዚያው እንዳለ ተገኘ። ይህ መኮንን በየዕለቱ ስንት መርከብ እንደሰጠመና የትኛው ግንባር እንደተሰበረ ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር፤ ለሻዩ የሚሆነውን ስኳር ግን እንደማንኛውም ዜጋ በግራም እየተመዘነለት ይቀበል ነበር። በጦርነት ጊዜ መሪና ተመሪ ምን ምን ሊተዉ ይገባል የሚለውን ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ጎብኚ፣ ከሙዚየሙ ዕቃዎች ሁሉ ብዙ የሚናገረው ይኸው የደረቀ ስኳር ይመስለኛል።

ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ክፍሎቹ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 27 ቀን 1939፣ ብሪታንያ በጀርመን ላይ ጦርነት ከማወጇ ከአንድ ሳምንት በፊት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እስከ ነሐሴ 16 ቀን 1945 ድረስ ሌሊትና ቀን ሳይዘጉ አገለገሉ፤ በእነዚህ ዓመታት የጦርነቱ ካቢኔ 115 ጊዜ እዚህ ተሰብስቧል። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያዩት ስፍራ ሆኖ ቆይቶ፣ በ1984 በኢምፔሪያል የጦርነት ሙዚየም አስተዳደር ሥር ለሕዝብ ተከፈተ፤ መራቂዋም ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ነበሩ። የመግቢያ ቲኬቱን አስቀድሞ ማስያዝ ይሻላል፤ መተላለፊያዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ሰው በበዛበት ሰዓት የሚገባ ጎብኚ ከክፍል ክፍል የሚሻገረው በሰልፍ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሊመድቡለት ይገባል።

የመሬት ውስጥ ምሽግ ሲባል በአእምሮ የሚመጣው ቦምብ የማይበግረው ዋሻ ነው። ይህ ግን የመሥሪያ ቤት ምድር ቤት ነበር፤ በቀጥታ የሚወድቅበትን ቦምብ ሊቋቋም እንደማይችል የታወቀው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት ከ1940 መጨረሻ ጀምሮ በላዩ ላይ እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ ውፍረት ያለው ኮንክሪት ተጨመረበት፤ ሠራተኞቹም «ሰሌዳው» እያሉ ይጠሩት ነበር። ከዚህ በታች ደግሞ «ዶክ» የተባለ ሌላ ወለል አለ። ታይፒስቶቹ፣ ጸሐፊዎቹና ዘበኞቹ የሌሊት ተራቸው ሲደርስ ወይም ከላይ ቦምብ ሲዘንብ የሚተኙት እዚያ ነበር። ጣሪያው ሰው ቀና ብሎ የሚሄድበት አይደለም፤ አይጥ ነበረበት፤ መጸዳጃውም ውኃ የሌለው፣ በኬሚካል የሚሠራ ነበር። ለብዙ ሰዓታት ፀሐይ ሳያዩ የሚሠሩት ሠራተኞች በመብራት ፀሐይ እንዲሞቁ ይደረግ ነበር። ውጪ ያለውን አየር የሚያውቁትም በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳው «ነፋሻማ» ካለ ከላይ የቦምብ ድብደባ አለ ማለት እንደነበር ይነገራል። እነዚህ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች፣ የሚሠሩትን ለእናትና ለአባታቸው እንኳ እንዳይናገሩ ቃል ገብተው ነበር። ከምቾታቸው ይልቅ የከበደው መስዋዕትነት ይህ ይመስለኛል፤ ማንም ሳያይላቸው፣ ማንም ሳያመሰግናቸው ስድስት ዓመት መሥራት።

ከዚያ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መኝታ ክፍል ሲሻገሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። አልጋው ደህና ነው፤ ምንጣፍ አለ፤ የሬዲዮ ማይክሮፎኖችም አሉ፤ ቸርችል በጦርነቱ ጊዜ ካደረጓቸው ንግግሮች አራቱ የተላለፉት ከዚህ ክፍል ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አልጋ ላይ ያደሩባቸው ሌሊቶች ሦስት ብቻ እንደሆኑ ይነገራል። ከምድር በታች ማደር አይወዱም ነበርና፣ ለራሳቸውና ለጠባቂዎቻቸው አደገኛ ቢሆንም አንዳንዴ ጣሪያ ላይ ወጥተው የአየር ድብደባውን ይመለከቱ ነበር። ይህን እንደ ጀግንነት የሚያወሩት ብዙ ናቸው። እኔ በበኩሌ በጣሪያ ላይ ቆሞ ቦምብ ማየትን ከመስዋዕትነት አልቆጥረውም፤ መሪ ራሱን ያለ ጥቅም ለአደጋ ቢያጋልጥ ለተመሪው የሚተርፈው ነገር የለም። ከዚያ ይልቅ የሚመዝነው ልጃቸው ሜሪ በለንደን ሃይድ ፓርክ በተተከለ የፀረ አውሮፕላን መድፍ ክፍል ማገልገሏ፣ ወንድ ልጃቸው ራንዶልፍም ጀርመኖች በያዟት ዩጎዝላቪያ በፓራሹት መውረዱ ነው። በቀደመው የዓለም ጦርነትም ጠቅላይ ሚኒስትር አስኩዊዝ ሥልጣን ላይ እያሉ ልጃቸው ሬይመንድ በ1916 በሶም ግንባር ወድቋል። የሰው ልጅ ሂድ ብሎ የሚያዝ ሰው የገዛ ልጁን እቤት ካስቀረ፣ የቀረው ንግግሩ ሁሉ ከጆሮ አያልፍም።

ከመኝታ ክፍሉ ራቅ ብሎ ብዙ ጎብኚ ፈገግ የሚልባት ጠባብ በር አለች። በሩ ላይ ያለው መቆለፊያ «ተይዟል» ወይም «ነፃ ነው» የሚል የመጸዳጃ ቤት መቆለፊያ ነው፤ ሠራተኞቹም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ብቻ የተሠራ ውኃ ያለው መጸዳጃ እንደሆነ ያምኑ ነበር። በእርግጥ ግን ቸርችል ዋሽንግተን ካሉት ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር በምስጢር የሚነጋገሩበት የስልክ ክፍል ነበር። ታሪኩ ያስቃል፤ እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በኬሚካል መጸዳጃ የሚጠቀሙት ሠራተኞች «አለቃችን የራሱ መጸዳጃ አለው» ብለው ሲያምኑ፣ ነገሩን እንደ ተፈጥሮ ሥርዓት ተቀብለው ዝም ማለታቸው ነው። በጦርነት ጊዜ ለመሪ የሚደረገው ልዩ አስተያየት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያቺ በር ታሳያለች። መሪው ያን ሰፊ አስተያየት እንደ መብት ቆጥሮ ሲዘረጋበት ነው ነገር የሚበላሸው።

የካርታው ክፍል በ1945 እንደተተወ ነው ማለት ይቻላል። በመካከሉ በተደረደሩት ጠረጴዛዎች ላይ በልዩ ልዩ ቀለም የተለዩ ስልኮች አሉ፤ በግድግዳው ላይ የአትላንቲክ ካርታ ተሰቅሏል። ካርታውን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። መርከቦቹ በቡድን እየሆኑ የሚጓዙበት መሥመር በስፒል እየተወጋ ስለነበር፣ ወረቀቱ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። እያንዳንዱ ቀዳዳ ስንዴ፣ ነዳጅ፣ ሥጋ ወይም ጥይት የጫነ የመርከብ ጓድ የነበረበት ቦታ ነው። በጦርነቱ ከ30,000 የሚበልጡ የብሪታንያ የንግድ መርከበኞች ሞተዋል፤ እነዚህ ወታደር አልነበሩም፤ የዜጎችን እራት የሚያመላልሱ ሠራተኞች ነበሩ። ራሽን የሚባለው ነገር ለምን እንዳስፈለገ ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ ይህ ካርታ ያስረዳል፤ በከንቱ የሚጣል አንድ ኪሎ ስኳር በባሕሩ ላይ የሆነ ሰው ሕይወቱን ያስያዘበት ነበርና።

ራሽኑ የተጀመረው ጥር 8 ቀን 1940 በቤከን፣ በቅቤና በስኳር ነው። እንደ ጊዜው ከፍ ዝቅ ቢልም ለአንድ አዋቂ በሳምንት የሚደርሰው ወደ 57 ግራም ሻይ፣ ያንኑ ያህል ቅቤ፣ 227 ግራም ስኳርና አንድ እንቁላል ነበር። በሰኔ 1941 ልብስ በኩፖን ሆነ፤ በየካቲት 1942 ሳሙና ተጨመረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ለግል መኪና የሚሰጠው መደበኛ የቤንዚን ድርሻ ጭራሹን ቀረ። ሕዝቡ ይህን ሁሉ የተሸከመው በአንድ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የራሽን ደብተሩ ለሁሉም አንድ ነበር። በጥቅምት 1942 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሲስተናገዱ፣ በመታጠቢያ ገንዳው ላይ ውኃ ከዚህ እንዳያልፍ ተብሎ የተሰመረ መስመር አይተዋል፤ ልኩ ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ነበር። በወርቅና በብር ሳህን የቀረበላቸውም የራሽን ምግብ ነበር። ሳህኑ የወርቅ መሆኑን ትቼ አላልፍም፤ ቢሆንም በሳህኑ ላይ ያለው ከጎረቤት ሳህን ላይ ካለው የማይለይ ሲሆን ሕዝብ ያያል፤ አይቶም ይታገሣል።

ሁሉም ግን እንዲህ አልነበረም። ሀብታሞች በሆቴልና በምግብ ቤት ያለ ኩፖን ይበሉ ስለነበር ቅሬታው ጨምሮ፣ በ1942 አንድ ምግብ ከአምስት ሽልንግ እንዳይበልጥ፣ ከሦስት ዓይነትም እንዳያልፍ ተደነገገ። ቸርችልም ከሲጋራቸውና ከሻምፓኛቸው ጦርነቱን ሁሉ አልተለዩም። ለመሪ አንድ ሲጋራ ይቅርበት ብዬ አልከራከርም፤ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ጦርነት አንዱን ሲያደኸይ ሌላውን ያበለጽጋል። መንግሥት በ1940 ኩባንያዎች ከሰላም ጊዜው በላይ በሚያገኙት ትርፍ ላይ መቶ በመቶ ታክስ ሲጥል፣ የገቢ ግብሩም መደበኛ ምጣኔ በ1941 ግማሽ በግማሽ ሲሆን፣ ለከፍተኛ ባለ ገቢዎችም በመጨረሻው የገቢያቸው እርከን ከአንድ ፓውንድ (ከ20 ሽልንግ) ላይ 19 ሽልንግ ከስድስት ፔንስ ሲወሰድ፣ የወታደሩ እናት ቢያንስ «በልጄ ደም የሚነግድ የለም» የምትልበት ምክንያት አገኘች። ዜጋ ከሚተወው ነገር ሁሉ በፊት በጦርነቱ የሚያተርፈው ሰው ትርፉን ሊተው ይገባል፤ ይህ ሳይቀድም ከድሃ ቤት ቅቤ መቀነስ ግፍ ነው።

መስዋዕትነት ከጓዳ ሲያልፍና ነፃነት ሲነካ ሚዛኑ ይከብዳል። መንግሥት ያለ ፍርድ ሰው የሚያስርበትን ሥልጣን ወሰደ፤ በ1940 በጋ 27,000 ያህል የጀርመን፣ የኦስትሪያና የጣልያን ተወላጆች ታሰሩ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሂትለር ሸሽተው የመጡ አይሁዶች ነበሩ። እስረኞችን ወደ ካናዳ ይዞ ይጓዝ የነበረው «አራንዶራ ስታር» የተባለ መርከብ ሐምሌ 2 ቀን ተመትቶ ሲሰጥም ከ800 በላይ ሰው አለቀ። እነዚህ ሰዎች መስዋዕት አልሆኑም፤ መስዋዕት ተደረጉ። በቋንቋችን የሁለቱ ግሦች ልዩነት አንዲት ቃል ብትሆንም፣ በጦርነት ጊዜ የሚደረግ ንግግር ሁሉ ይህችን ልዩነት ሊሸፍን ይሞክራል። በ1943 በብሪታንያ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ሕንድ፣ በቤንጋል ረሃብ እስከ ሦስት ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ሲያልቅ፣ ያ ሕዝብ ስለ ጦርነቱ የተጠየቀው ነገር አልነበረም፤ ወኪልም ጠረጴዛው ላይ አልነበረውም። በካቢኔው ክፍል ቆሜ የወንበሮቹን ብዛት ስቆጥር ያሰብኩት ይህንኑ ነበር።

በሌላ በኩል፣ ያው መንግሥት ጦር መሣሪያ አላነሣም ለሚሉ ወደ 60,000 ለሚጠጉ ዜጎች ጉዳያቸውን የሚያስረዱበት ዳኝነት አቋቁሞላቸዋል። ቸርችል ራሳቸውም በኅዳር 1943፣ የብሪታንያ ፋሺስቶች መሪ ሞዝሊ ከእስር ሲለቀቅ ሕዝቡ በተቆጣ ጊዜ፣ ከካይሮ በላኩት ቴሌግራም አስፈጻሚው አካል ሰውን ያለ ክስና ያለ ፍርድ የማሰር ሥልጣን ሲኖረው እጅግ የሚያስጸይፍ ነገር መሆኑን ጽፈዋል። መሪ ከሕዝብ የተበደረውን ነፃነት ብድር መሆኑን ሲያምን ልቤ በጥቂቱ ይረጋጋል። የተበደረውን ሲረሳ ግን ጦርነቱ ቢያልቅም ብድሩ አይመለስም።

አሁን ወደ ወንበሩ። የካቢኔው ክፍል የተዘጋጀው በጥቅምት 15 ቀን 1940፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ስብሰባ ሊጀመር ሲል እንደነበረው ነው፤ ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ዳውኒንግ ጎዳና ላይ የወደቀ ቦምብ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ወጥ ቤት አፍርሶት ነበር። የወንበሩ ክንዶች ጫፎቻቸው ተቧጭረዋል፤ አንደኛው በጥፍር፣ ሌላው በጣት ቀለበት። በጆሮ የሚደመጠው የተቀረጸ አስጎብኚ ድምፅ ስለ ቸርችል ጭንቀት ይናገራል፤ ሰዉም አንገቱን አስግጎ ያያል። እኔ በዚህ ክፍል የበለጠ ያሰብኩት ከቸርችል በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር ስለነበሩት ስለ ኔቪል ቻምበርሌን ነው። በግንቦት 1940፣ ከኖርዌይ ሽንፈት በኋላ፣ ፓርላማው ድምፅ ሲሰጥ ቻምበርሌን 281 ለ200 አሸንፈው ነበር። ነገር ግን ከገዛ ፓርቲያቸው ብዙዎች ከድተዋቸው ነበር፤ ሌበር ፓርቲም በእርሳቸው ሥር አንሠራም አለ። ግንቦት 10 ቀን ማለዳ ጀርመን ሆላንድንና ቤልጂየምን ስትወርር፣ «እንግዲህ ጊዜው አደገኛ ስለሆነ ልቆይ» ብለው አሰቡ። ይህ ሐሳብ በየትኛውም አገር ያለ መሪ የሚያስበው ነው፤ ጦርነቱ ራሱ በሥልጣን ለመቆየት ምክንያት ይሆናል። ቻምበርሌን ግን በዚያው ቀን ማታ ለቀቁ፤ ለቀውም አላኮረፉም፤ በተተኪያቸው ሥር ካንሰር እስኪጥላቸው ድረስ በካቢኔው አገለገሉ፤ በኅዳርም ሞቱ። በ1938 የቼኮዝሎቫኪያን ግዛት ከፊሉን ለሂትለር ስለሰጠው የሙኒክ ስምምነት ብዙ ሊወቀሱ ይችላሉ፤ እኔም እወቅሳቸዋለሁ። ከመሪ የሚጠበቀውን ከባዱን መስዋዕትነት የከፈሉት ግን፣ በወንበሩ ላይ ጥፍራቸውን ያላስቀመጡት እርሳቸው ይመስሉኛል።

ቸርችልም ከዚህ አላመለጡም። በሰሜን አፍሪካ ብሪታንያ ይዛት የነበረችው የወደብ ከተማ ቶብሩክ በሰኔ 1942 በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላ፣ ጦርነቱ በከፋበት ሰዓት በፓርላማ ቀርበው መንግሥታቸው እምነት ይነፈገው የሚለውን ሐሳብ በመቃወም ሲከራከሩ ዋሉ፤ ሐሳቡም 475 ለ25 በሆነ ድምፅ ወደቀ። «በጦርነት ጊዜ መሪ አይጠየቅም» የሚል ሰው ይህን ቀን ያስታውስ። እውነት ነው፣ ምርጫው ተራዝሟል፤ የ1935ቱ ፓርላማ ዕድሜው በየዓመቱ በሕግ እየታደሰ እስከ 1945 ዘልቋል። ምርጫን መተው ዜጎች ከከፈሉት ሁሉ ውድ ዋጋ ነው፤ ሊከፈል የሚችለውም ጥያቄ የሚጠይቅ ምክር ቤት ክፍት ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው።

ከክፍሎቹ ጋር የተያያዘውና በ2005 የተከፈተው የቸርችል ሙዚየም የሰውየውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት ያሳያል። ሰፊ ነው፤ ለታሪክ ወዳድ ብዙ ነገር አለው፤ ጊዜ ያጠረው ሰው ግን ወደዚያ ከመግባቱ በፊት ክፍሎቹን ይጨርስ እላለሁ፤ አለበለዚያ ከሰውየው ዝና ጋር ሲውል የታይፒስቶቹ ጠረጴዛ ያመልጠዋል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሉት የታይፕ መኪናዎች ቸርችል የቁልፍ ድምፅ ስለሚረብሻቸው በልዩ የተመረጡ ድምፅ አልባ ናቸው። ልጆች ይዞ ለሚመጣ ሰው የተቀረጸው አስጎብኚ ድምፅ በቂ ነው፤ ልጆቹ ግን የስልኩን ክፍል በር እንጂ ካርታውን ብዙም አያዩትም፤ ካርታው ዘንድ ጎተት አድርጎ ማቆም የወላጅ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ወደ ካርታው ክፍል ተመልሼ ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 1945 የምርጫው ውጤት ሲነገር ቸርችል ተሸንፈው በዚያው ማታ ሥልጣናቸውን አስረከቡ፤ ከጃፓን ጋር የነበረው ጦርነት ገና አላለቀም ነበር። ስለዚህ በስማቸው የሚጠሩት እነዚህ ክፍሎች የመጨረሻ ሦስት ሳምንታቸውን የሠሩት ምርጫውን ባሸነፈው የሌበር ፓርቲ መሪ በክሌመንት አትሊ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ነው። ነሐሴ 16 ቀን መኮንኖቹ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ፤ ለስድስት ዓመት ያልጠፋውን መብራት አጥፍተው ወጡ። ስኳር በብሪታንያ ከራሽን የወጣው ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በመስከረም 1953 ነው፤ ሦስቱ አንኳሮች ግን በመሳቢያው ውስጥ ቀሩ።